ከአንዋር እስከ አማኑኤል

የዙህር ሶላት እንዳበቃ ከአንዋር መስጊድ የሚወጣው ሰው አስፋልቱን ይሞላዋል። ሽቶና ዕጣን የዘረጋው፣ ጀለቢያና ኮፊያ የሰቀለው፣ ቴምር በኪሎ የሚመዝነው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ጥቂት እልፍ ሲሉ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። በሁለቱ መካከል ቆም ብሎ ላየ፣ ከምጽዋት ጠያቂዎቹ ጎን ማንንም የማይለምን፣ ለብቻው የሚያወራ፣ በሐምሌ ዝናብም በግንቦት ፀሐይም ያንኑ ካፖርት የደረበ ሰው አይጠፋም። ነጋዴው ያውቀዋል። ሻይ ይገዛለታል፣ ዳቦ ያስጨብጠዋል። ማን እንደሆነ ስትጠይቁ “የእገሌ ልጅ እኮ ነው፤ አባቱ እዚህ ሱቅ ነበረው” ይሏችኋል።

“ነበረው” የምትለዋ ቃል ከልቤ አልወጣ አለች። ሱቁ የት ሄደ? ገንዘቡንስ ምን በላው? ከአንዋር መስጊድ እስከ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በእግር ቢሄዱ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። የመርካቶ ገበያውም፣ መስጊዱም፣ ሆስፒታሉም የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው፤ ሦስቱም ከጣሊያን ወረራ ዓመታት ጀምሮ ጎረቤታሞች ሆነው ኖረዋል። ይህችን አጭር መንገድ ግን ዓመታት ፈጅተው የሚጨርሷት ቤተሰቦች አሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እየጠየቅሁ ሄድኩባት።

መጀመሪያ የገባሁት አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነው። ባለቤቱን ሐጂ ብቻ እላቸዋለሁ፤ ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ታናሽ ወንድማቸው የታመመው በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ ራቀው፤ ቀጥሎ “ይከታተሉኛል” ማለት ጀመረ፤ በመጨረሻ በሩን ዘግቶ መቀመጥ ሆነ።

“ቁርኣን አስቀራንበት” አሉኝ ሐጂ፣ ጣቃውን እየጠቀለሉ። “ለጊዜው ረጋ አለ፣ ተመለሰበት። ጎረቤታችን ክርስቲያን ናቸው፤ ‘እንጦጦ ፀበል ውሰዱት’ አሉን፣ ወሰድነው። ከዚያ አገር ቤት አዋቂ አለ ተባለ፤ መኪና ተኮናትረን ሄድን። ከዚያም እዚሁ ከተማ አንድ የግል ቦታ የወር ቅድሚያ ከፍለን አስተኛነው። ወሩ ሳይሞላ ‘መድኃኒቱ ለብቻው ይታሰባል፣ ምርመራውም ለብቻው’ አሉን። ጣቃ እየሸጥኩ ከፈልኩ። በመጨረሻ አማኑኤል ስንደርስ ለካርድ የከፈልነው፣ እኔ እዚህ ለእንግዳ የማዝዘውን ሻይ ያህል ነው። ልጄ፣ ያኔ ነው ያለቀስኩት።”

ሐጂን ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም። ቁርኣኑም ፀበሉም የሰውን ልብ የሚያሳርፉ ናቸው፤ ተስፋ የቆረጠ ቤተሰብ ወደ ፈጣሪው መሄዱ ትክክል ነው። ጥፋቱ አንዱን ለመያዝ ሌላውን ጣሉ ሲባል ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ፀበሉንም እንዲጠቀሙ በይፋ መክረው ነበር። ለአእምሮ ሕመምም ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም። ሕመሙ ሳይታከም በቆየ ቁጥር ለማዳን እየከበደ ይሄዳል፤ በየደጁ ያለፉት ዓመታት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የመዳን ዕድልም ይዘው ሄደዋል።

ሐጂ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ሲቃጠል፣ ንብረቱ የወደመበትን ነጋዴ መርካቶ በሙሉ አውቆ አዝኖለታል። “የእኔ ሱቅ ግማሹ እንዴት እንዳለቀ ግን እስከ ዛሬ ለሚስቴ ወንድሞች እንኳ አልነገርኩም” አሉ። በእሳት የከሰረ ወዳጅ ያገኛል፤ በዚህ ሕመም የከሰረ ይደበቃል። ምርጫውን የሚያበላሸውም ይኸው መደበቅ ነው። ሐኪም ለመምረጥ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ አይጠይቅም፤ በጆሮው ሹክ ያለውን ደላላ ተከትሎ ይሄዳል።

ከሱቁ ወጥቼ በጫት ተራ በኩል አለፍኩ። ቀትር ላይ እዚያ ያለውን ጥድፊያ ያየ ሰው ምክንያቱን ላያውቅ ይችላል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ከተቀጠፈ በሁለት ቀን ውስጥ ኃይሉ ስለሚደክም፣ አወዳዩም ወንዶውም የባሕር ዳሩም በኮባ ተጠቅልሎ ትኩስ መድረስ አለበት። እዚህ ከሚሸምቱት መካከል ሸክም የሚያወርዱ ጉልበተኞች፣ ሌሊት የሚነዱ ሹፌሮች፣ ሱቅ ጠባቂ ልጆች አሉ። ብዙዎቹ በምርቃና ሥራቸውን ይጨርሱና ማታ ጨብሲ በሚሉት መጠጥ ይሰብሩታል። አንድ ጋሪ ገፊ ወጣት “ጫቱን ለመተው ሦስቴ ሞክሬያለሁ፤ ዱካኩ ነው የመለሰኝ። ማታ ማታ የሚያሳየኝ ነገር አያስተኛም” አለኝ። ጨብሲውንስ ለመተው ሞክሮ እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀ። “እሱን አንድ ቀን ሳልጠጣ ስነሳ እጄ ተንቀጥቅጦ ጋሪውን መያዝ አቃተኝ” ሲል መለሰልኝ።

ይህ ልጅ የነገረኝ፣ ቤተሰቦች ሆስፒታል ሲመርጡ ሊያውቁት የሚገባ ትልቅ ልዩነት ነው። ጫት ያቆመ ሰው ይደክማል፣ ይከፋዋል፣ ሐራራው ያስጨንቀዋል፣ ቅዠት ይጫወትበታል፤ ይህ ብቻውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕይወት አያሳጣም። በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ፣ ጠዋት ሳይቀምስ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን በአንድ ጊዜ ከተከለከለ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ሊጥለው፣ አእምሮውን ሊያስተው፣ ሊገድለውም ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ቤት ቆልፎ ማስተው ጭካኔ ብቻ አይደለም፣ አደጋም ነው። መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መድኃኒት፣ ታያሚን የተባለው ቫይታሚንና ሌት ተቀን የሚያየው ነርስ ያስፈልገዋል። አልጋ ለዚህ ሰው ይገባዋል። ድምፅ እየሰማ ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ የተነሳ፣ ሞትን የሚያስብ፣ ምግብ እምቢ ያለም እንዲሁ። የቀረው ከቤቱ እየተመላለሰ ሊታከም ይችላል፤ ለእሱ የአልጋ ገንዘብ ማፍሰስ አያስፈልግም።

ታዲያ የመጀመሪያው በር የቱ ነው? እኔ ጤና ጣቢያው ነው እላለሁ። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ይገረማል፤ ጤና ጣቢያ የሚያውቀው ለጉንፋንና ለክትባት ነው። ነገር ግን መንግሥት በ2005 ዓ.ም. ያወጣው የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ዋና ሐሳቡ ይህንን ሕክምና ከአማኑኤል ግቢ አውጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ ነበር። ድባቴን፣ የሚጥል በሽታን፣ ከእውነታ መራቅን እና የመጠጥ ሱስን ለይተው እንዲያክሙ የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ያሏቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ። ሁሉም ጤና ጣቢያ እኩል አይደለም፣ መድኃኒት የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ቢሆንም ሪፈር ወረቀቱ የሚጻፈው እዚያ ነው፣ ያ ወረቀት ደግሞ ገንዘብ ነው።

ገንዘብ የሆነበት ምክንያት መድኑ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ አገር አዳርሷል። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ በወረዳው ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ድሃ፣ መንግሥት ይሸፍንለታል። አባሉ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር እየተላለፈ ከሄደ፣ የመንግሥት ሆስፒታሉን ወጪ መድኑ ይችለዋል። ደረጃውን ዘሎ በቀጥታ ከሄደ ግን ከኪሱ ይከፍላል። መመዝገቢያው ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም፤ ሰው ከታመመ በኋላ ልመዝገብ ቢል ሊያልፈው ይችላል።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2005 ዓ.ም. ያወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ ቁጥር 271፣ በመድን ከማይሸፈኑት አገልግሎቶች መካከል ከሱስ ጋር የተያያዘ ሕክምናን ቆጥሮታል። ደንቡ የተጻፈው ለደመወዝተኛው ነው፤ ሐሳቡ ግን በብዙ ሰው ልብ ውስጥ ያለ ነው፦ ሱሰኛ በገዛ እጁ ያመጣው ነው፣ ይክፈል። ይህ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ ሱስን ከሕመሞች ጋር ይዘረዝረዋል። ስኳር ሕመም ያለበትን ሰው “ጣፋጭ ስለበላህ” ብለን ከሕክምና አንመልሰውም። በዚያ ላይ በተግባር ሱስና የአእምሮ ሕመም ብዙ ጊዜ ተለያይተው አይመጡም፤ ጫት የሚቅመው ልጅ ድምፅም ይሰማል፣ አረቄ የሚጠጣው አባት ድባቴም አለበት። ስለዚህ አልጋ ከመያዛችሁ በፊት የመድን ደብተራችሁን ይዛችሁ የወረዳውን መድን ክፍል “ይህ ሕክምና ይሸፈናል?” ብላችሁ ጠይቁ። ለመድን ሲባል ግን ከሐኪሙ ምንም አትደብቁ፤ ጫቱን የደበቀ ሕመምተኛ የተሳሳተ መድኃኒት ይዞ ይወጣል።

ወደ አውቶቢስ ተራ ስጠጋ ሌላ ዓይነት ወጪ ይታያል። ከክፍለ ሀገር የመጣ ሕመምተኛ ብቻውን አይመጣም፤ የሚይዘው ወንድም፣ የምታበስል እህት አብረው ይመጣሉ። የሆቴል አልጋ፣ ምግብ፣ ታክሲ፣ ቀጠሮ እስኪደርስ የሚባክነው ቀን፣ ተደምሮ ከሕክምናው ይበልጣል። ይህ ሁሉ ሰው አዲስ አበባ መምጣት የለበትም። ጅማ፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ሐዋሳ ላይ ያሉት ሆስፒታሎች የሳይካትሪ አገልግሎት አላቸው። በከተማዋም ቢሆን አማኑኤል ብቻ አይደለም፤ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱ፣ ኤካ ኮተቤ ያክማሉ። ለሱስ የተለየ ክፍል በአማኑኤልም በጳውሎስም አለ፤ አልጋው ጥቂት ስለሆነ ወረፋ አለው።

አማኑኤል በር ላይ ደረስኩ። ከ1930 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ እዚህ ያለው ይህ ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም. የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት ሲጀምር በመላ ኢትዮጵያ የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ብቻ ነበሩ። ያን ሁሉ ዘመን ሸክሙን የተሸከመው ይህ ግቢ ነው፤ እኛ ግን ስሙን ስድብ አደረግነው። ልጆች ሲጣሉ “አማኑኤል ግባ” ይባባላሉ። ያ ስድብ ምን እንደሚያስከፍል ያወቅሁት በሩ አጠገብ ነው፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች እናት፣ የሰፈር ሰው እንዳያያት ሁለት ፌርማታ ቀድማ ከታክሲ እንደምትወርድ ነገረችኝ። ልጇ በየወሩ አንድ መርፌ ይወጋል። ኪኒን እምቢ ይል ነበር፤ መርፌው ከተጀመረለት ወዲህ ሥራ ገብቷል። “ከዚህ በፊት ያወጣሁትን ብር ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል” አለች። “ዋናው ነገር አልጋው መስሎኝ ነበር። ዋናው በየወሩ መመላለሱ ነው።”

ከእሷ የተሻለ የነገረኝ የለም። አልጋው የሳምንታት ጉዳይ ነው፤ ክትትሉ የዓመታት። ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለመጀመሪያው ወር የሚያፈስ ቤተሰብ በሦስተኛው ወር መድኃኒት መግዣ ያጣል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመሙ ይመለሳል፤ ሁሉም እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። የሆስፒታሉ ፋርማሲ “የለም” ሲል ከውጭ መግዣ የሚሆን ብር መቀመጥ አለበት።

አቅም ያለው የግል ሕክምና ቢመርጥ መብቱ ነው፤ ወረፋው ያጥራል፣ ገመናም ይጠበቃል። ብቻ ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ። ፈቃዱ ግድግዳው ላይ አለ? ሕመምተኛውን የሚያየው ሳይካትሪስት ነው፣ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በቀን የተጠራው ዋጋ መድኃኒቱን፣ ምርመራውን፣ ምግቡን ይጨምራል? ቀድሞ ቢወጣ ቀሪው ይመለሳል? ቤተሰብ መጥቶ ሊያየው ይችላል? “እስኪጨርስ አታዩትም” የሚል ቦታ፣ ወይም በሰንሰለት የሚያስር፣ ወይም “በሃያ ቀን ሙሉ በሙሉ ይድናል” ብሎ የሚምል ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ተመልሼ አንዋር ስደርስ አሱር ተሰግዶ ነበር። ያ ካፖርት የደረበው ሰው እዚያው ነው። በዙሪያው ያለውን ሀብት ተመለከትኩ። መርካቶ ባንክ ሳያይ በእቁብ ፎቅ የሠራ ገበያ ነው። የጨነቀው አባል ዳኛውን ለምኖ የሌላውን እጣ ቀድሞ የሚወስድበት ልማድ አለ፤ ለቀረጥ፣ ለሠርግ፣ ለዕቃ ማስመጫ ይደረጋል። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል ድሃና ባለዕዳ አሉበት፤ ልጁን ለማሳከም ሱቁን የሸጠ አባት ሁለቱንም ነው። እድሩም አለ፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመጣል፣ ለቤተሰቡ ብር ይሰጣል።

ስለዚህ ልመናዬ ለእናንተ ነው፣ የዚህ ሰፈር የእድርና የእቁብ ዳኞች። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፦ አባል ወይም የአባል ቤተሰብ በአእምሮ ሕመም ወይም በሱስ ምክንያት ሐኪም ሕክምና ሲያዝለት፣ ሪፈር ወረቀቱን ይዞ ይምጣ፣ ከሣጥኑ ይከፈለው፤ የዓመቱ የጤና መድን መዋጮ የጎደለበትም እንዲሁ። ወረቀቱን ይዞ የመጣው ሰው ስሙ በስብሰባ አይነሳ፤ ዳኛውና ጸሐፊው ብቻ ይወቁት።