የሚደርሰኝ ድምፁ ነው፣ ቃሉ አይደለም

ጭምብል ባይመጣ ኖሮ ጆሮዬ መድከሙን እስከ ዛሬም ላላውቅ እችል ነበር። በኮሮና ምክንያት በ2012 ዓ.ም. የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ፣ ተማሪውም መምህሩም አፉንና አፍንጫውን ሸፍኖ መጣ። ባሕር ዳር ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ ጠየቀችኝ፤ ድምፅዋ ደረሰኝ፣ ያለችውን ግን አልያዝኩትም። ደገመችልኝ። አሁንም ያው ነው። እንደገና ድገሚልኝ ለማለት አፍሬ «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ነገ እንመለስበታለን» አልኳት። ማታ ባለቤቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስታጫውተኝ አንድ ቃል አላመለጠኝም። ጓዳ ገብታ ስትጠራኝ ግን የሰማሁት ድምፅ ብቻ ነው። ለካ እስከዚያ ድረስ የምሰማው ግማሹን በዓይኔ ኖሯል።

መብራት ሲጠፋ ጨዋታው የሚጠፋብኝም ለዚህ ነበር። ሌላው ሰው በጨለማ ወሬውን ይቀጥላል፣ እኔ ሻማ እስኪበራ ዝም እላለሁ። ለቅሶ ቤት በሹክሹክታ የሚባለው፣ እድር ላይ ከኋላ የሚሰጠው አስተያየት፣ በጀልባ ወደ ዘጌ ስንሻገር ከሞተሩ ጩኸት ጋር የሚወራው ሁሉ ያልፈኛል። ሰው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ አሁን የምናገረው ሳይሰማ አብሮ የሚስቅ ሰው ብዙ መሆኑን ስለማውቅ ነው።

ሆስፒታል ሄድሁ። የአንገት በላይ ሐኪሙ መጀመሪያ ጆሮዬን በመብራት አየው። ኩክ በሆነ ብዬ ተመኝቼ ነበር፤ የደረቀ ኩክ ጆሮ ሲደፍን ሐኪም ያወጣዋል፣ ጆሮም ይከፈታል። የኔ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ጠባብ ክፍል አስገብተው ማዳመጫ አጠለቁልኝ፤ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እጫናለሁ። ወፍራም ወፍራሙን ሁሉ ሰማሁ። እየቀጠነ ሲሄድ ጸጥ አለ። ባለሙያዋ ከመስታወቱ ማዶ ሥራዋን አላቋረጠችም፤ ድምፁ እየተላከ ነው፣ እኔ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ያሳየችኝ ወረቀት ላይ ያለው መስመር በግራ፣ በወፍራሙ ድምፅ በኩል፣ ደልዳላ ነው፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀጭኑ፣ ሲሄድ ቁልቁል ይወርዳል።

በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጠኛ ክፍል 15 ሺህ ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ድምፅን ለነርቭ የሚያቀብሉት እነሱ ናቸው፣ በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። በጩኸትም በእርጅናም ቀድመው የሚጎዱት ቀጫጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው። እንደ ሰ፣ ፈ፣ ከ፣ ተ ያሉት ተነባቢዎች ደግሞ የሚለዩት በዚያ በቀጭኑ ድምፅ ነው። አናባቢው ወፍራም ስለሆነ ይደርሰኛል። ስለዚህ «ጠፋ»፣ «ከፋ» እና «ሰፋ» ፊት ካላየሁ ይምታቱብኛል፤ «ሰጠ» ሲሉኝ «ሸጠ» ብዬ ልሄድ እችላለሁ። «እሰማለሁ፣ ግን አይለይልኝም» የሚሉ አዛውንት ካሉ ጃጁ አትበሏቸው፤ ሕመማቸውን በትክክል እየነገሯችሁ ነው። መጮህም እምብዛም አይረዳቸውም፤ ጩኸት ቀድሞ የሚያጎላው የሚሰሙትን አናባቢ ነውና።

ሐኪሙ የት እንዳደግሁ ጠየቀኝ። ወፍጮ ቤት ነው ያደግሁት። አባቴ የናፍጣ ወፍጮ ፈጪ ነበር፤ ከትምህርት ስመለስ ዱቄቱን በከረጢት እየተቀበልኩ አግዘው ነበር። ማታ ወደ ቤት ስንሄድ ጆሯችን ጭው ይላል። ያ ጭውታ ጆሮ መጎዳቱን ይናገር ነበር፣ የሚያውቅለት ጠፋ እንጂ። በሥራ ቦታ ለስምንት ሰዓት እንዳይታለፍ የሚመከረው ድምፅ 85 ዴሲቤል ነው፤ ከዚያ በላይ ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ይቀራል። አባቴ ጧት ገብቶ ማታ ነበር የሚወጣው። ዕድሜው ሲገፋ ሰላምታ ሳይመልስ ያልፍ ጀመር፤ ጎረቤት «ኮራ» አለ። ጽዋ ማኅበር ላይ ጥግ ይዞ ዝም ሲል ደግሞ «ልቡ ከጣና ደሴቶች መነኮሳት ዘንድ ነው» ተባለለት። እስኪሞት ድረስ ጆሮውን ያየለት ሰው አልነበረም።

ከምርመራው በኋላ ክፍሌን የማይበት ዓይን ተለወጠ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረ፤ «ፈዛዛ» የሚለው ስም ከክፍል ክፍል ተከትሎት መጥቷል። ጠጋ ስል ጆሮው ውስጥ ጥጥ አየሁ፤ ሽታም ነበረው። እናቱን አስጠራኋቸው።

«መምህር፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይፈሳል። ሲያድግ ይተወዋል ስላሉኝ ነው» አሉኝ። አያቱ ዘይት እያሞቁ ይጨምሩለት ነበር።

የሚመግል ጆሮ ዝም ቢባል ታምቡሩ ተበስቶ ሊቀር ይችላል፤ ዘይትና ቅጠል ሲገባበት ይባስ ያመረቅዛል። ሐኪም ቤት ሲወስዱት የታዘዘለት ጆሮውን ማድረቅ፣ ጠብታ መድኃኒት፣ እስኪደርቅም ጣና ውስጥ አለመዋኘት ነበር። እኔ ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጥሁት። ምዕራፉ ሳያልቅ እጁን ማውጣት ጀመረ።

የዓለም ጤና ድርጅት በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶው ሊከላከሉት ከሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው ይላል። የጆሮ መግል፣ ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍ፣ ያለ ሐኪም ቁጥጥር የሚወጋ ጀንታማይሲን፣ ሁሉም ጆሮን ሊያጠፉ ይችላሉ። ይህን ሳነብ ያመመኝ ክትባትና ጠብታ መድኃኒት እያለ ስንት ልጅ «ሰነፍ» ተብሎ ከትምህርት መውጣቱ ነው።

ሳይሰማ የተወለደ ልጅ ነገር ይለያል፤ ከሁሉ በፊት ቋንቋ ያስፈልገዋል፣ ጊዜውም አይጠብቀውም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ፊደል አለው፤ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ያሳያል፣ እንቅስቃሴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ይለያል። ሀ ሁን ስንት ዓመት ሳስተምር ይህን አለማወቄ ይቆጨኛል።

እኔ ዛሬ የመስሚያ መሣሪያ አደርጋለሁ። ዋጋው ለመምህር ደመወዝ ከባድ ነው፣ ጫጫታ ውስጥም ብዙ አያግዝም፤ ክፍል ውስጥ ግን ተማሪዎቼ እኔን እንደሚሰሙኝ እኔም እሰማቸዋለሁ። «አልሰማሁም፣ ፊትህን ወደ ብርሃን አዙርልኝ» ማለትም ለምጃለሁ።

የዓለም የመስማት ቀን በየዓመቱ የካቲት 24 ነው፣ የዓድዋ በዓል ማግሥት። እስከዚያ ግን አትጠብቁ። ወላጆች፣ መምህራን፣ ልጁን ከኋላው ቆማችሁ ቀስ ብላችሁ ጥሩት። ካልዞረ አትቆጡት፣ እዚህ ባሕር ዳር ከሆናችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።