የማያውሱት ዕቃ

ሰኞ ነበር፤ መጋቢት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በምኖርበት አገር አቆጣጠር ደግሞ ማርች 27 ቀን 2023። ዐቢይ ጾም ስለ ነበር ከጠዋት ፈረቃ ተመልሼ ሽሮዬን ስቀምስ ሰዓቱ ዘጠኝን አልፏል። ልጄ ከመኝታ ክፍሉ ወጣና ከፊት ለፊቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ሱቁ ዛሬ ይዘጋል» አለኝ።

ለእኔ የመሰለኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እንጀራና በርበሬ የምንገዛበት የሐበሻ ሱቅ ነው። ደንግጬ «ምን ሆኑ?» አልሁት። ሳቀና ከኪሱ አንድ ነገር አወጣ፤ እንደ ጸሎት መጽሐፍ የሚታጠፍ፣ ጠርዙ የተፋፋቀ መጫወቻ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ለገና የገዛሁለት ነው። አሁን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሚናገረውም በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የመለስሁላችሁ እኔ ነኝ። እሱ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ እንዲህ ሆነን መነጋገር ከጀመርን ቆይተናል።

አንባቢዬ የዚህን ዓይነት ሱቅ ላያውቅ ይችላልና ጥቂት ላስረዳ። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ሥሪ ዲ ኤስ» የተሰኘውን ባለ ሁለት ገጽ መጫወቻ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያው ዓመት በጁን ወር «ኢሾፕ» የተባለ መደብር እዚያው መጫወቻው ውስጥ ከፈተ። መደርደሪያ የለው፣ ሻጭ የለው። እዚህ አሜሪካ በየሐሙሱ አዲስ የወጡ ጨዋታዎች ዝርዝር ይወጣበት ነበር፤ ዋጋቸው የቀነሰም ካሉ ቅናሹ ከሚያበቃበት ቀን ጋር ይጻፉ ነበር። የወደድኸውን ነክተህ ትከፍል ነበር፤ ጨዋታው በአየር መጥቶ መጫወቻህ ውስጥ ይገባ ነበር።

መደብሩ የተዘጋው በአንድ ቀን አይደለም። ኩባንያው ውሳኔውን ያስታወቀው በፌብሩዋሪ 2022 ነው። በሜይ የባንክ ካርድ መቀበል አቆመ፤ በኦገስት መጨረሻ ከየሱፐር ማርኬቱ የሚገዛውን የስጦታ ካርድ መቀበል ተወ። ከዚያ በኋላ መግዛት የሚችለው ቀድሞ ያስቀመጠው ገንዘብ ያለው፣ ወይም ሒሳቡን ከአዲሱ መጫወቻ ሒሳብ ጋር አገናኝቶ በዚያ በኩል ገንዘብ ማሳለፍ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነበር። ልጄ ይህን ሁሉ አድርጎ 8 ዶላር አዘጋጅቷል።

«አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የምገዛው» አለኝና ስሙን ነገረኝ። እጄ ሳህኑ ላይ ቀረ።

ስሙን አውቀው ነበር። «አታክ ኦፍ ዘ ፍራይደይ ሞንስተርስ» ይባላል፤ አርብ አርብ ስለሚመጡ ግዙፍ አውሬዎች የሚተርክ ጨዋታ ነው። በ2013 በጋ ሲወጣ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እኔ ያኔ ዋሽንግተን መሐል ከተማ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ተቀባይ ነበርሁ። ሥዕሉን እያሳየ ግዛልኝ አለኝ።

«ሣጥኑ የት አለ?» አልሁት።

«ሣጥን የለውም አባዬ። በአየር ነው የሚመጣው።»

«በአየር ለሚመጣ ነገር ገንዘብ አላወጣም።»

ይህን ስል ብልህ አባት የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ካርዱን በእጁ የሚይዘው፣ ቢሰለቸው ለጓደኛው የሚሰጠው ጨዋታ ቢሆን እገዛለት ነበር። ዐይኑ እንባ ሲያቀር ግን አላስችል አለኝና «ሲቀንስ እናየዋለን» አልሁት። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ አምሽቼ ስገባ ከአልጋው ሆኖ «አባዬ፣ አልቀነሰም» ይለኛል። ያኔ የሚያናግረኝ በአማርኛ ነበር። አንድ ሐሙስ ምንም ሳይለኝ ቀረ። እኔም ረሳው ብዬ ደስ አለኝ።

ቅናሽ የሚባለውን ነገር የማውቀው ከመርካቶ ነው። መርካቶ ውስጥ ዋጋ የሚወርድበት ምክንያት ይታያል፤ ጨርቁ ፀሐይ መትቶታል፣ የመጋዘን ኪራይ ደርሷል፣ ነጋዴው ገና ሳይሸጥ ውሏል። ትተኸው ስትሄድ ሦስተኛው ሱቅ ላይ ሳትደርስ «ና፣ ና፣ ውሰደው!» ይልሃል። በዚህ ዓይነት ሱቅ ግን መጋዘን የለም፤ አንድ ሺሕኛውን ቅጂ ለመሸጥ ሻጩ የሚያወጣው ወጪ ከምንም አይቆጠርም። ታዲያ ለምን ይቀንሳል? ሰዎችን በትዕግሥታቸው እየለየ ሁሉንም ለማግኘት ነው። መጠበቅ የማይችለው በወጣበት ቀን ሙሉውን ይከፍላል፤ ጥቂት ወራት የታገሠው በግማሽ ይገዛል፤ ሊረሳው የተቃረበውን ደግሞ ሦስት አራተኛ ቅናሽ ቀስቅሶ ይጠራዋል። ቀኑ ሲያልፍ ዋጋው ወደ ነበረበት ይመለሳል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በዚህ ሰፌድ ውስጥ ሲንገዋለል እኔ ትዕግሥት ያስተማርሁት መስሎኝ ነበር።

የማይጨበጥ ነገር አልገዛም ያልሁት እኔ፣ በልጅነቴ ካነበብኋቸው መጻሕፍት የእኔ የነበረ አንድም አልነበረም። አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ውስጥ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው ነበር። መያዣ ታስይዛለህ፣ በቀን ሳንቲም ትከፍላለህ። ሽፋናቸው በጋዜጣ የተለበደ፣ መጨረሻቸው የጎደለ ነበሩ፤ የጎደለውን ካነበበ ሰው ጠይቀን እንሞላዋለን። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ያነበብሁትም በዚሁ መንገድ ነው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። መጽሐፉ ግን አልጠፋም፤ ከሱቁ የወጡት ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ነበር። እኔ ዘንድ ያደረው አንድ ሌሊት ነው፤ ጠዋት ለሚቀጥለው ሰው ማድረስ ነበረብኝ።

ይህን ለልጄ ስነግረው እሱም የራሱን አጫወተኝ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 በፕሌይስቴሽን 4 መደብር በነጻ የቀረበ «ፒ.ቲ.» የተባለ አጭርና አስፈሪ ጨዋታ ነበር። በኤፕሪል 2015 ከመደብሩ ተነሣ። ቀድሞ ያወረደው ሰው እንኳ አንዴ ካጠፋው ከመደብሩ መልሶ ማግኘት አልቻለም። ጨዋታው ያለበት መጫወቻ በእጃቸው የቀረላቸው ሰዎች መጫወቻውን እንደ ቅርስ ያዙት። እንደ «ኦሮማይ» በባለቤቶቹ እጅ ቀርቷል፤ ከእጃቸው ወደ ሌላ እጅ ግን አይሻገርም። የቪዲዮ ጌም ታሪክን የሚጠብቅ አንድ የአሜሪካ ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በዚህ አገር ከወጡ ጨዋታዎች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ አይገኙም ብሏል።

የብራና መጻሕፍቶቻችን ዳርቻ ላይ መጽሐፉን የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል ይጻፋል። የእነዚህ መደብሮች የአገልግሎት ውልም፣ ማንም ሳያነበው «እስማማለሁ» የሚለው፣ የራሱ ግዝት አለው። የከፈልህበት ነገር ንብረትህ አይደለም፤ የመጠቀም ፈቃድ ነው፤ አትሸጠውም፣ ለሌላ አታስተላልፈውም ይላል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ሕግ፣ እንዲህ ያለ መደብር የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን ለገዢው በግልጽ ሳያሳውቅ «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም ከልክሏል። ሕግ አውጪዎች ስለ አንድ ግሥ ትርጉም መጨነቃቸው ቃል ለምንወድድ ሰዎች ደስ የሚል ወሬ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን «መግዛት» የሚለው ቃል አይደለም። የእኔ ባልሆኑ መጻሕፍት ያደግሁ ሰው ስለ ባለቤትነት ምን አፍ አለኝ? ያሳሰበኝ «ማዋስ» የሚለው ነው። የብራናው ግዝት መጽሐፉ ለሚመጣው ሰው እንዲቆይ ነው፤ የውሉ ግዝት ከአንተ እንዳያልፍ ነው።

ወደዚያ ሰኞ ልመለስ። «እኔ ልክፈል» ብዬ የዐሥር ዶላር ኖት አወጣሁ። ልጄ ሳቀ፤ ሱቁ ወረቀት አይቀበልም። ኖቱን ግን ኪሱ ከተተው፤ «የዐሥር ዓመት ወለድ ነው» አለኝ። ነካው፤ ተገዛ። መስመሩ ቀስ እያለ እስኪሞላ ሁለታችንም አጎንብሰን አየን።

ጨዋታው የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1971፣ ቶኪዮ ዳርቻ ላይ ባለች ትንሽ ሰፈር ነው። ሶታ የሚባል ልጅ ከወላጆቹ ጋር ወደ ሰፈሩ ገና መምጣቱ ነው። ቤተሰቡ ልብስ አጥቦ ይኖራል፤ ልጁ የታጠበውን ያደርሳል። የሰፈር ልጆች ካርድ ይጫወታሉ፤ ያሸነፈው አለቃ፣ የተሸነፈው ሎሌ ይሆናል። ባቡር ያልፋል፣ ፀሐይ ያዘቀዝቃል። ጨዋታው የሚሸጠው በመደብሩ ብቻ ነበር፤ ሣጥን ኖሮት አያውቅም።

ልቤ ተነካ። አገር የለወጠ ቤተሰብ፣ በእጁ ሠርቶ የሚያድር አባት... «ለዚህ ኖሯል የፈለግኸው?» አልሁት፣ ድምፄ ትንሽ ተለውጦ።

ቀና ብሎ አየኝ። «አባዬ፣ ዘጠኝ ዓመቴ እኮ ነበር። ለአውሬዎቹ ነው የፈለግሁት።»

እንዲህ ሆኖ አለፈ። በ2025 በጋ እህቴ ከአዲስ አበባ ከነልጇ መጣች። ልጇ ዐሥር ዓመቱ ነው። ቤታችን በመጣ ቁጥር ሶፋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብሎ፣ የሚወራው ሁሉ በእንግሊዝኛ ሲሆንበት ጣቶቹን ይቆጥራል። አንድ ቀን ልጄ ያን የተፋፋቀ መጫወቻ አምጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

በዚያው ዓመት ጸደይ ኒንቴንዶ በአዲሶቹ መጫወቻዎቹ ላይ ማዋስን መልሶ ነበር። ያለ ሣጥን የተገዛን ጨዋታ በቤተሰብነት ለተመዘገበ ሰው ለ14 ቀናት ማዋስ ይቻላል፤ ቀኑ ሲሞላ ጨዋታው በራሱ ይመለሳል። የሰፈራችን መጽሐፍ አከራይ ይህን ቢሰማ ምን ያህል በቀና! መያዣ አያስፈልግ፣ ተበዳሪን ፍለጋ ቤት ለቤት መዞር የለ። የእኛ አሮጌ መጫወቻ ግን በዚህ አልተካተተም። ጨዋታው ከመጫወቻው አይለይም፤ አንዱን ለማዋስ ሁሉንም ማዋስ ነው።

ጨዋታው ንግግር ይበዛዋል፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ልጄ አንዱን መስመር ያነብብና ይቆማል፤ ቃል ይፈልጋል። «ልጁ... ልብስ ይወስዳል... ለጎረቤት። እናቱ ናት የላከው።» የእህቴ ልጅ «የላከችው» ብሎ ያርመዋል፤ ልጄም ተቀብሎ ይቀጥላል። እኔ ወጥ ቤት ቡና እየቆላሁ ነበር። ማማሰያውን አቆምሁ። ይህን ያህል አማርኛ ከአፉ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ ነው?

«አባዬ!» ብሎ ጮኸ። «ሞንስተር በአማርኛ ምን ይባላል?»

አፌን ስከፍት የእህቴ ልጅ ቀደመኝ። «ጭራቅ!» አለ፣ እንዴት ይህን አታውቅም በሚል ድምፅ።

«ጭራቅ» አለ ልጄ፤ ደጋግሞ አለው።

ቡናው ማረሩን ያወቅሁት በሽታው ነው።

ሲመሽ እህቴ «እንሂድ እንግዲህ» ብላ ተነሣች። ልጇ መጫወቻውን አጥፎ ለልጄ ዘረጋለት። ልጄ አልተቀበለውም፤ ሽቦውን ጠቅልሎ ጨመረለት። በውስጡ የስምንት ዓመቱ ልጅ የሠራው መልክ፣ ያስቀመጠው ስም፣ የጨረሳቸውና የጀመራቸው ጨዋታዎች ሁሉ አሉ። ልጁ መጫወቻውን በሁለት እጁ እንደ ያዘ በሩ ላይ ቆመና፣ በሥርዓት ያደገ ልጅ ነውና፣ «መቼ ልመልስልህ?» ሲል ጠየቀው።

«ስትጨርሰው» አለው ልጄ፤ በአማርኛ።