የሽማግሌ እግር

ውድ አንባቢ ሆይ፤ አንተም እንደ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ተማሪ ከሆንህ፣ በምሳ ሰዓት ከክበብ ተቀምጠህ በማታውቀው ነገር ፈርደህ ታውቅ ይሆናል። እኔ ፈርጄ አውቃለሁ። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. 50 ያህል የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች በፌዴራሉ መንግሥትና በትግራይ ክልል መሪዎች መካከል የገባውን ጠብ ለማብረድ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ ሄደው ነበር። ወሬው በክበባችን ሲነሣ «የታጠቀን ሰው የሽማግሌ ጭራ ያቆመዋል እንዴ?» አልሁ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ያልሳቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም የመቀሌ ልጅ የሆነው ወዳጄ ነው።

ሽማግሌዎቹ የለፉበት ነገር ሳይሳካ ተመለሱ። አምስት ወር ሳይሞላም በጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ። እኔም «አላልኋችሁም?» ለማለት ቸኮልሁ። መሳሳቴን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ያወቅሁበትም ስፍራ እዚያው መቀሌ፣ ከአንዲት አሮጊት ቤት ነው።

ከወዳጄ ጋር የተዋወቅነው በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ስንማር ነበር። እኔ ከሩቅ አገር የመጣሁ ስለ ነበርሁ በዓል በደረሰ ቁጥር ወደ እናቱ ቤት ይወስደኛል። እርሳቸውን እንደ አገሩ ልማድ «አደይ» እላቸው ነበር፤ እርሳቸውም «ወደይ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለት ነው። በኋላም ሁለታችን ባንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥረን ለዓመታት ባንድ ገበታ በላን።

ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ግን ሰዎች ከወዳጄ ጠረጴዛ አንድ በአንድ ራቁ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የትግራይ ስልክና ባንክ ተቋረጠ፤ እናቱ ትኑር ትሙት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እኔ ክፉ ቃል አልተናገርሁትም። ያደረግሁት ከዚያ ያነሰ ይመስላል፤ አንድ ቀን ሳህኔን ይዤ ከሌላ ጠረጴዛ ተቀመጥሁ። በማግሥቱም እንዲሁ አደረግሁ። እርሱ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርሁትም። እንዲህ እያልን ወራቱ አልፈው ዓመት ሞላ።

በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ግጭቱን የማቆም ስምምነት ተፈረመ። በአፍሪካ ኅብረት ስም ካደራደሩት መካከል የናይጄርያው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ይገኙበታል፤ ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ አዛውንት ናቸው። ታኅሣሥ 19 ቀን የመቀሌ በረራ እንደ ገና ተጀመረ። እኔም በየካቲት ወር ለሥራ ተላክሁ።

ጉዳዬን ከጨረስሁ በኋላ የሮማናትን አደባባይ አልፌ ወደ አደይ ቤት ስሄድ እግሬ ይከብደኝ ነበር። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ከስተዋል። አገላብጠው ከሳሙኝ በኋላ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ልጃቸው ነበር።

«ደኅና ነው ወይ? ስልኩ ከተከፈተ ጀምሮ ብቻህን ነህ ወይ ስለው፣ የለም፣ ምሳዬን ከእርሱ ጋር ነው የምበላው ይለኛል። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ወደይ።»

አንባቢ ሆይ፤ በዚያች ሰዓት ምን እንደ መለስሁ አላስታውስም። እናቱ እንዳታዝን ብሎ እኔን በሐሰት አመስግኖኝ ነበር።

ቡናው ቀርቦ አቦሉ ሳይቀዳ ሁለት አዛውንት ገቡ። አንዱ ቄስ፣ አንዱ ደግሞ በምርኩዝ የሚሄዱ የሰፈሩ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። አደይና እነርሱ ማንም ሳይሾማቸው በሰፈሩ ውስጥ የተጣላ ያስታርቃሉ። የዚያን ዕለት የያዙት ጉዳይ የግማሽ ኩንታል ጤፍ ነበር። በጭንቁ ጊዜ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ ጤፍ አበደረቻት። ተበዳሪዋ ባሏ ሞተ፤ ደመወዝም የለም፤ መክፈል አቃታት። አበዳሪዋም አንድ ቀን በንዴት «ልጆችሽን ያሳደግሁት እኔ ነኝ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ለቅሶ እንኳ አይደራረሱም።

«ዛሬ አራተኛ ጊዜያችን ነው» አሉ አደይ ነጠላቸውን እያጣፉ። «ባለፈው በሩን አልከፈተችልንም። ከደጃፏ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አመሸን።»

እኔም ተከትያቸው ሄድሁ። ያን ቀን በሩ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ማን ጥፋተኛ እንደ ሆነ ለመፍረድ አልቸኮሉም፤ ሁለቱንም እስኪበቃቸው አናገሯቸው። በመጨረሻ ጤፉ እኩሌታው እንዲከፈል፣ የቀረው ደመወዝ ሲመጣ እንዲታሰብ ተስማሙ። ከጤፉም አስቀድሞ ሁለቱ ሴቶች በየቤታቸው ላለፈው ሐዘን ለቅሶ እንዲደራረሱ ተደረገ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ጋዜጣ የሚጽፈው አይደለም። ነገር ግን ስንወጣ የሁለቱ ልጆች ባንድ ግቢ ሲሯሯጡ አየሁ።

ስንመለስ ባለ ምርኩዙን ሽማግሌ ደፍሬ ጠየቅኋቸው። «አባቴ፣ በ2012 ዓ.ም. ያን ያህል ሽማግሌ እዚሁ መቀሌ ድረስ መጥቶ ምን ፈየደ?»

ወዲያው አልመለሱልኝም። በወጣትነታቸው ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወደ አፋር በረሃ እየወረዱ አሞሌ በግመል ያመጡ እንደ ነበር አወሩኝ። ያ መንገድ የቆመው በጠመንጃ አይደለም አሉ። በትግራይና በአፋር ወሰን በግጦሽ፣ በውኃና በከብት ዝርፊያ ደም ሲፈስ ነገሩን የሚያበርዱት አቦ ገረብ የሚባሉ ሽማግሌዎች ናቸው። ከሁለቱም ወገን የታመኑ ሰዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይሰማሉ፤ የሟች ወንድም ደም እንዳይመልስ ካሣ ይቈርጣሉ። እኔም ይህን ስሰማ በ2014 ዓ.ም. የሆነው ትዝ አለኝ። የእርዳታ መኪና ወደ መቀሌ የሚገባው በዚሁ በአፋር በኩል፣ በአብዓላ መንገድ ነበር፤ መንገዱ ለወራት ሲዘጋ ከተማው ምን እንደ ሆነ አንተም ሰምተሃል።

«አየህ» አሉኝ ቀጥለው፤ «የሽማግሌ ጉልበቱ ምላሱ ይመስልሃል፤ እግሩ ነው። ዛሬ እንቢ ሲሉት ነገ ይመለሳል። በገረብ ጊዜ ግን ሽማግሌው ብቻውን አይሄድም፤ አገሩ ከኋላው ይቆማል፤ እንቢ ያለውም ሰው ከማን ጋር ቡና ይጠጣል? እነዚያ 50 ሽማግሌዎች ሲመጡ ከኋላቸው ማን ነበር? አንተ የት ነበርህ?»

እኔ በክበብ ተቀምጬ እስቅ ነበር።

በአገራችን ሽምግልና ምንም ሠርቶ አያውቅም የሚልህ ካለ አትመነው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሰበብ የታሰሩት የተቃዋሚ መሪዎች በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ሲፈቱ በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የሚመሩ ሽማግሌዎች መካከለኛ ሆነው ደክመዋል። ደግሞም ሁልጊዜ ይሠራል የሚልህን አትመነው። ሽማግሌ ሠራዊት የለውም፤ በጀት የለውም፤ ያለው የእኛ ኀፍረት ነው። እኛ ካላፈርን እርሱ ባዶ እጁን ነው።

በረካው ሲጠጣ አላስቻለኝምና የሳህኔን ነገር ለአደይ ተናዘዝሁ። ይቈጡኛል ብዬ ነበር። ለብዙ ጊዜ የጀበናውን ክዳን ሲያገላብጡ ቆዩና «ይህ ለእኔ የሚነገር አይደለም» አሉኝ። «እኔን አልበደልኸኝም።» በማግሥቱ ልሰናበታቸው ስሄድ በጨርቅ የተጠቀለለ ሕምባሻ ሰጡኝ። «ለልጄ ስጥልኝ፤ በሰው እንዳትልከው። ሳይደርቅ።»

ይህ ሽምግልና መሆኑ የገባኝ አውሮፕላን ውስጥ ነው። እንጀራ ይደርቃል፤ ሕምባሻም ይደርቃል። ነገ ዛሬ ለማለት ጊዜ አልሰጡኝም፤ ሌላ ሰው እንድልክም አልፈቀዱልኝም።

ያን ዕለት ማታ ከወዳጄ ቤት ደጃፍ ቆምሁ። ሲከፍት ፊቴን አላየም፤ ጨርቁን አየ። የእናቱን ጨርቅ ዐወቀው። «ግባ» አለኝ። ይቅርታዬን ቃል በቃል አጥንቼ ሄጄ ነበር፤ ግማሹን እንኳ ሳልጨርስ ሕምባሻውን ቈርሶ እኩሌታውን ከፊቴ አኖረው። ዝም ብለን በላን።

ታርቀው ከዚያ በኋላ በደስታ ኖሩ ብዬ እንዳልዋሽህ፤ በማግሥቱ በክበብ ወደ ጠረጴዛዬ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ሳህኔን ይዤ እኔ ወደ እርሱ ሄድሁ። ቀና ብሎ አየኝና ወንበሩን ጥቂት አስጠጋልኝ። ስለ ጦርነቱ ገና አልተነጋገርንም፤ የምንነጋገርበት ቀን ግን ይመጣል ብዬ አምናለሁ፤ እስከዚያው ምሳ አብረን እንበላለን።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ በሰፈርህ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ከቤት ወደ ቤት የሚሄዱ አዛውንት ብታይ አትሳቅባቸው። እነርሱ ነገ ያልፋሉ፤ ልማዱም ተከታይ ካላገኘ አብሯቸው ያልፋል። ተነሥና ከኋላቸው ሂድ፤ በሩ ካልተከፈተም አብረሃቸው ከድንጋዩ ላይ ተቀመጥ። ከዚያ በፊት ግን ከማን ጠረጴዛ ተነሥተህ እንደ ሄድህ አስብ። የእኔ ወዳጅ እናት ሕምባሻ ጋግረው ሰጥተውኛል፤ አንተ ሕምባሻ እስኪሰጥህ አትጠብቅ።