የቤተ አማኑኤል መድረክ

አንዲት የበር ቃል ላሊበላ ድረስ ሄጄ እንደ ተማርሁ ብነግርህ ትስቅብኝ ይሆናል። ነገሩ ግን እውነት ነው።

በትርጉም ትምህርት ሰዓት፣ አንድ ሽማግሌ በቤታቸው በር ላይ ቆመው እንግዳ መቀበላቸውን የሚናገር የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ለተማሪዎቼ ሰጠሁ። ቃሉ እግር ተሻግሮት የሚገባውን የበሩን የታችኛውን ክፍል የሚያመለክት ነበር። ከላስታ ገጠር የመጣ አንድ ልጅ «ሽማግሌው በመድረኩ ላይ ቆመው» ሲል ጻፈ። እኔ መድረክ ሲባል ንግግርና ቴያትር የሚታይበትን ከፍ ያለ ስፍራ ብቻ አውቅ ነበርና በቀይ ቀለም ሰርዤ «ደፍ» ብዬ አረምሁት፤ ማርክም ቀነስሁበት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን ተቀበለ።

በጥር ዕረፍት ላሊበላን ለማየት ሄድሁ። ቤተ አማኑኤል ከአንድ ቀይ አለት የተፈለፈለ ነው። ግድግዳው አንዱ መደዳ ወጣ፣ ሌላው ገባ እያለ ተጠርቧል። ይህም ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ ይሠሩበት የነበረውን የአክሱም ግንብ የሚመስል ነው። በዚያው በላስታ፣ በዋሻ ውስጥ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስ በእውነተኛ እንጨትና ድንጋይ እንደዚሁ ተሠርቶ እስከ ዛሬ ይታያል።

በሩን አየሁት። ጉበኑ ከላይ ተጋድሟል፤ መቃኖቹ ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ በየማዕዘኑ የግንድ ጫፍ የሚመስል ድንጋይ ወጣ ብሏል። ሁሉም አንድ አለት ነውና ጉበኑ የሚሸከመው፣ መቃኑም የሚደግፈው ነገር የለም። ጠራቢዎቹ እንጨቱን ቢተዉም መልኩን አልተዉትም።

ጫማዬን አውልቄ በሩ ላይ ቆሜ ይህን ሳደንቅ አንድ ሽማግሌ ቄስ ከውስጥ፣

«ልጄ፣ መድረክ ላይ አይቆምም፤ ወይ ግባ፣ ወይ ውጣ» አሉኝ።

ዘወር ዘወር ብዬ መድረክ ፈለግሁ። «የቱ መድረክ፣ አባቴ?»

«ከእግርህ በታች ያለው ነዋ!»

ለካስ በግዕዝ መድረክ ማለት የበር ደፍ ነው። ከፍ ያለ መርገጫ በመሆኑ ይመስለኛል፣ ስሙ ከቤት በር ተነሥቶ ወደ አዳራሽ የተዛወረው። በእርግጥ ለከተማ አንባቢ ሲተረጐም «ደፍ» ማለት ይሻላል፤ መድረክ ከተባለ ሽማግሌው ንግግር ሊያደርጉ የቆሙ ይመስላል። የልጁ ቃል ግን የቀደመው እንጂ ስሕተት አልነበረም። ቀዩን ቀለም ከማንሣቴ በፊት ልጠይቀው ይገባኝ ነበር።

ስመለስ ማርኩን በክፍሉ ፊት መለስሁለት። የወላጆቹን ቤት በር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ የየክፍሉን ስም እንዲጽፍም ለመንሁት። ጉበን፣ መቃን፣ መድረክ ብሎ ጻፈ። ከክፍሉ ብዙዎቹ መቃንን አያውቁትም ነበር፤ ደብተራቸውን አውጥተው ገለበጡ። እኔም አብሬያቸው ጻፍሁ።