የቸኮሌቱ መልስ

ጃፓን ስማር አንድ የካቲት 7 ጠዋት፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 14 ማለት ነው፣ ጠረጴዛዬ ላይ በቀይ ሪባን የታሰረች ትንሽ የቸኮሌት ሣጥን ተቀምጣ አገኘሁ። ያስቀመጠችው አብራን ላቦራቶሪ የምትሠራ ልጅ ናት። ሶማሌ ክልል፣ ሽንሌ ያደገ ሰው ምን ያስባል? ሽማግሌ ከየት እንደማገኝ ማሰላሰል ጀመርኩ። ቀና ስል የፕሮፌሰሩም ጠረጴዛ ላይ ያችው ሣጥን፣ ያችው ሪባን!

«ጊሪ ቾኮ» ይሉታል፤ የግዴታ ቸኮሌት። የልብ የሆነው «ሆንሜይ ቾኮ» ሌላ ነው። በዚያ ቀን ሰጪዋ ሴት ናት። ወንዱ ብድሩን የሚመልሰው ልክ በወሩ፣ ማርች 14፣ «ዋይት ዴይ» በሚሉት ቀን ነው። (በእኛ መጋቢት 5፣ የአቦ ዕለት!) ቀኑን የፈጠሩት በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ጣፋጭ አምራቾች ናቸው፤ ጅማሬውም የፉኩኦካ አንድ ጣፋጭ ቤት ያወጣው የማርሽሜሎ ቀን ነበር። የተቀበሉትን ሦስት እጥፍ አድርጎ መመለስ የሚባልም ነገር አለ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ማንም ቅር አለኝ አላለም። በዓመቱ ግን ጠረጴዛዬ ባዶ ነበር።

ስጦታ መልስ እንዳለው አላውቅም ማለት ለእኔ ነውር ነው። አባቴ ምድር ባቡር ይሠራ ስለነበር ያደግሁት ኢሳ ሶማሌዎች መሃል ነው። እነሱ ዘንድ የወንዱ ወገን የጋብቻ ጥያቄው ሲሰምርለት «ገባቲ» የሚሉትን ስጦታ ይሰጣል፤ ከዚያ «ያረድ» የሚሉትን ጥሎሽ ይከፍላል። የልጅቱ ቤተሰብ ደግሞ «ዲባድ» የሚሉትን ይመልሳል፤ እንስሳም፣ እናቷና ዘመዶቿ ሰሌኑን የሠሩለት በግመል የሚጫን ቤትም ጭምር። እኛ ከሰርግ ማግስት ድግስ ደግሰን «መልስ» እንላለን፤ የእነሱ መልስ ግን በእውነትም መልስ ነው።

ከሁሉም «ሄዶ» የሚሉትን የሰርግ ስጦታ የሚያህል የለም። የሙሽራይቱ ወገን ሙቅመድ ያዘጋጃል፤ ደቅቆ ተከትፎ የደረቀ ሥጋ፣ በቅቤ፣ ከተምር ጋር። የተቀመጠበት ዕቃ እንደ ሙሽራ ልብስ ይለብስና ጫፉ በማይታይ ገመድ ይተበተባል። በሰባተኛው ቀን የሙሽራው ሰዎች ይፍቱት ይባላሉ። ልጅ ሆኜ ጎረቤት ቤት ያየሁት ጎልማሳ ግንባሩን ላብ አጥምቆት ገመዱን ሲያዞር፣ ሴቶቹ በግጥም ሲወርፉት ነበር። ቢላዋ ክልክል ነው። ያቃተው ይቀጣል።

የእኔን ሪባን በአንድ እጄ ነበር የፈታሁት።

በ2018 እንደ ፈረንጆቹ ጎዲቫ ራሱ፣ ቸኮሌት ሻጩ፣ ጃፓን ውስጥ ጋዜጣ ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አውጥቶ የግዴታ ቸኮሌት ይቅር አለ። ለሥራ ባልደረባ ሁሉ መግዛት ላሰለቻቸው ሴቶች እውነት አለው። ሽንሌም ቢሆን ያረድ ቀላል ሸክም አይደለም፤ በእኛ በ2008ቱ ድርቅ፣ ሽንሌ ባለችበት ሲቲ ዞን፣ ከብቱ ካለቀበት ወጣት ምን ይጠበቃል? ግዴታ መሆኑ ግን እኔን አያስከፋኝም። የሚያስከፋኝ ተቀባዩን ምንም የማያደክም ስጦታ ነው። የሄዶውን ሙቅመድ የበላ ሰው ማን እንደሰጠው አይረሳም።

ለዚያች ልጅ አገር ቤት ከገባሁ በኋላ ሦስት ጥቅል የሐረር ቡና ላክሁላት። ሁለት ዓመት ዘግይቼ፣ በመጋቢት 5።

ሽንሌ ሰርግ የተጠራችሁ ወንዶች፦ በሰባተኛው ቀን «እኔ ልፍታው» ብላችሁ እንዳትነሱ።