በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ

ሐምሌ 19 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለቴን ይዤ ቁልቢ ገብርኤል ሄድኩ። ራስ መኮንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ የተሳሉበት ደብር ነውና፣ ከጦርነት የተረፈ ሰው ጃንጥላውን ወደዚያ ቢወስድ የሚደንቅ ነገር የለውም። እኔም ከጁባ ተኩስ ተርፌ ነበር። በአውቶቡሱ ውስጥ አብረውኝ ለሚጓዙት ምእመናን ተአምሩን ስተርክላቸው እልልታቸውን አቀለጡት። «የኖኅን መርከብ የዘጋ አምላክ የኛንም በር ዘጋልን» አልኳቸው። መዳናችን እውነት ነው። በሩን የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ።

ጁባ ውስጥ የቦቴ ሾፌር ነበርኩ። የቧንቧ ውሃ ለአብዛኛው ሰፈር ስለማይደርስ፣ ከነጭ ዓባይ ዳር እየቀዱ በየግቢው ሮቶ መሙላት የብዙ ሐበሻ እንጀራ ነበር። ከሌሎች ሾፌሮች ጋር ጉዴሌ ሰፈር፣ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ አንዲት ሴት ሻይ ትሸጣለች። ማማ እንላታለን። ሻይዋ ዝንጅብል ይበዛበታል፤ ስኳሩ ሳይሟሟ ከብርጭቆው ሥር ይተኛል። እጅ ሲያጥረን በዱቤ ታጠጣናለች፤ ዱቤውን የምትይዘው በቃሏ ነው። ማማ ኑዌር ናት። ጋምቤላ ውስጥ የኛም ኑዌሮች እንዳሉ ስነግራት፣ «እንግዲያው ዘመድ ነና!» ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ዘመድ እያለች ትጠራኝ ጀመር።

ሐምሌ 1 ቀን፣ የደቡብ ሱዳን ነጻነት አምስተኛ ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና የአንደኛ ምክትላቸው የሪክ ማቻር ጠባቂዎች ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ላይ ተታኮሱ። እሑድ ሐምሌ 3 ነገሩ ከፍቶ ታንክና ሄሊኮፕተር ገባበት። ጾመ ሐዋርያት ሊፈታ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። አልጋ ሥር ተጋድመን መዝሙር 90ን በቃላችን እንደግማለን።

በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ። ድምፅዋን ወዲያው ለየሁት። ዘመድ አላለችኝም፤ በስሜ ጠራችኝ። ከጎኗ ሕፃን ያለቅሳል። በታኅሣሥ 2006 ጁባ ውስጥ ኑዌሮች ከየቤታቸው እየተፈለጉ መገደላቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እሷን ደብቀን ብንገኝ የሚጠብቀን ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም። ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ልከፍት የተነሣሁ መስሎኝ ነበር። መቀርቀሪያው መግባቱን ዳብሼ አረጋገጥኩና ጓጉንቸሩን ጨመርኩበት። ቁልፉ ቀጭ አለ። ማንኳኳቷን ተወች።

ፈርቼ ነበር። ስለ ፍርሃቴ ብዙም አልከራከርም፤ ሰውም እግዚአብሔርም ያውቀዋል። የሚያንገበግበኝ ከዚያ ወዲያ የሠራሁት ነው። ፍርሃቴን ተአምር አድርጌ፣ የመልአክ ስም ለጥፌበት፣ ደብር ድረስ ይዤው ሄድኩ። ሐምሌ 4 ማታ ተኩሱ ሲቆም ወደ 300 የሚጠጋ ሰው መሞቱ ተነግሮ ነበር። የደቡብ ሱዳን ሕዝብ አብዛኛው ክርስቲያን ነው፤ ከሞቱትም መካከል ያንኑ መዝሙር ሲደግም የነበረ አይጠፋም። እኔ ግን የተመለሰው የኔ ጸሎት ብቻ ይመስል አወራሁ።

ጁባ ስመለስ ማማን ከዛፏ ሥር አገኘኋት። ከልጅ ልጇ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተጠልለው ተርፈዋል። የቀረብኝን ዱቤ ከፈልኳት። ቆጥራ ተቀበለች፤ መልሴንም ሰጠችኝ። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

የነፍስ አባቴ ኑዛዜዬን ሰምተው ስግደት ሰጡኝ። «መባህን ወደ መሠዊያው ከማምጣትህ በፊት ከሷ ጋር መታረቅ ነበረብህ» ብለውም ገሠጹኝ። ስግደቱን ቶሎ ፈጸምኩት። ማማ ዘንድ ለመሄድ ግን እግሬ እምቢ አለኝ፤ ቦቴውን እንኳ በሌላ መንገድ ማዞር ጀመርኩ። እንደምንም ጨክኜ ስነግራት፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «ቁልፉን ሰምቼዋለሁ» አለችኝ። ይቅር አለችኝ ብዬ አልጽፍም። ሻይ ቀዳችልኝ፤ ሒሳቡንም ተቀበለችኝ።

ለግቢው ልጆች ሳወራላቸው ማንም አልደነገጠም። ሁሉም ያን ዕለት ድምፅዋን ሰምተው ነበር። በየፊናችን ስለታችንን ስናስገባ ከርመን፣ ስለሷ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

እግዚአብሔርን ስለ መትረፌ ዛሬም አመሰግናለሁ፤ ምስጋናውን አልተውኩትም። ስለዚያ ሐምሌ የሚጠይቀኝ ካለ ግን ማማን ሳልጨምር አልተርክም። ሰሚው የሚለው ይጠፋዋል። አንዳንዱም «የእግዚአብሔርን ሥራ ለምን ታቆሽሻለህ?» ብሎ ይቆጣኛል። ይቆጣ። ያቆሸሽኩትስ ቁልቢ ላይ ነበር።