የእማማ ፎቶ ወይስ ሳፋው?

ሳሪስ ውስጥ ባነር፣ ስቲከርና ማኅተም የሚሠራ አንድ ወጣት አለ። ሚያዝያ ላይ የሰፈሩ ልጆች ኮሚቴ አቋቁመው ወደ ሱቁ መጡ። የአንዲት አቅመ ደካማ እናት ጣሪያ ያፈስሳል፤ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮውን መቀየር ይፈልጋሉ። ለገንዘብ ማሰባሰቢያው የቴሌግራም ቻናል ከፍተዋል፤ የቀረው ምስሉ ነው።

ይዘው የመጡት ግን ጓዝ ነበር። እማማ አልጋቸው ላይ ሆነው ሲያለቅሱ የተነሡት ፎቶ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ከነከረባቱ፣ የሦስት ስፖንሰሮች ዓርማ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ከታች ደግሞ ባለ ሁለት መስመር ጥቅስ። "ሁሉም ይግባልን" አሉት።

ወጣቱ ሁሉንም አስገባና ስልኩ ላይ አሳያቸው። ቴሌግራም የቻናልን ምስል በክብ ይቆርጠዋል፤ ከዝርዝሩ ላይ ሲታይ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። የሰብሳቢው ፊት ግማሹ ተቆርጧል፤ ጥቅሱ የጉንዳን ሰልፍ መስሏል። የግዕዝ ፊደል ሲያንስ ደግሞ ይብሳል፤ "በ"ን ከ"ቡ"፣ "ለ"ን ከ"ሉ" የምትለየው ትንሽ ቅጥያ ናት፣ እሷ ከጠፋች ቃሉም ጠፋ። የሒሳብ ቁጥሩም ቦታው እዚያ አይደለም። ሰው ከምስል ላይ እያየ ሲጽፍ ይሳሳታል፤ ከሥር በጽሑፍ ከተቀመጠለት ግን ነክቶ ይቀዳዋል።

ጥቅሱም፣ ዓርማዎቹም፣ ሰብሳቢውም ሳይወዱ በግድ ወጡ። ክርክሩ የተነሣው በእማማ ፎቶ ላይ ነው። "ሰው አንጀቱ ካልተላወሰ እጁን አይዘረጋም" አለ ሰብሳቢው።

ይህ በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ፣ ሞሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸውን የረሃብ ምስል ሲያሳይ ዓለም ደነገጠ፤ እርዳታውም ጎረፈ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ የተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ዓርማው አፍሪካን የመሰለ ጊታር ነበር። ተመልካቹን ያስለቀሰው ግን ዓርማው ሳይሆን በስክሪን የታዩት የተራቡ ሕፃናት ናቸው። ከእነርሱ አንዷ ብርሃን ወልዱ ነበረች። ተመልካቹ ፊቷን እንጂ ስሟን አያውቅም። ከ20 ዓመት በኋላ በ1997 ለንደን ላይ በተካሄደው ላይቭ ኤይት መድረክ ላይ ወጣት ሆና ስትቆም ነው ብዙዎች ማንነቷን የሰሙት።

ያ ምስል ሕይወት አትርፏል። ዕዳው ግን ዛሬም አላለቀም፤ ውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የአገሩን ስም ሲጠራ አሁንም ረሃቡ የሚነሣበት ጊዜ አለ። አገር ይህን ያህል ከተሸከመች፣ ሰፈር ውስጥ ለሚኖሩ አንዲት እናትስ? እማማ እድር ሲሄዱ፣ አቦ ሲሳለሙ ያ ፎቶ አብሯቸው ይሄዳል። አንዴ የተለቀቀ ፎቶ ደግሞ ተመልሶ አይሰበሰብም። ሌላው አንሥቶ የራሱን ሒሳብ ቁጥር ቢለጥፍበት ማን ያቆመዋል?

ወጣቱ እማማን ሊጠይቅ ሄደ። እስከዚያ ቀን የጠየቃቸው አልነበረም። "እማማ፣ ፎቶዎ ይውጣ እንዴ?" አላቸው።

"ልጄ፣ እኔን ተወኝና ቤቱን አንሣ" አሉት።

ወለሉ መሐል ፍሳሹን የሚቀበሉበት ሰማያዊ ሳፋ ተቀምጧል፤ ከላይ በዛገው ቆርቆሮ ቀዳዳዎች ብርሃን ይገባል። ያንን አነሣው። ከላዩ "ክረምት ሳይገባ" ብሎ ሁለት ቃል ጻፈበት። ለቻናሉ ክብ ምስል ደግሞ ቃሉንም አውጥቶ ሳፋውን ብቻ አስቀረ። በሚያፈስስ ቤት ያደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሰብሳቢው እስከ መጨረሻው አልተዋጠለትም። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ በእማማ እንባ ብሩ ቶሎ ይገባ ይሆናል። ነገር ግን ቻናሉ ብር ተቀብሎ የሚዘጋ አይደለም፤ ደረሰኝ መለጠፍ፣ ሥራውን ማሳየት አለበት። እንባ ሥራው መቼ እንዳለቀ አይናገርም። ሐምሌ ላይ ዶፉ እየወረደ ሳፋው ደርቆ ከታየ ግን፣ የሰጠ ሁሉ ብሩ የት እንደገባ አየ ማለት ነው።

እናንተም ለሥራችሁ ምስል ልትለቁ ስትሉ መጀመሪያ ስልኩን ክንድ አርቃችሁ እዩት። ቀጥሎ ምስሉ ላይ ያለውን ሰው ጠይቁት።